የቀለም ጭረትም ቢሆን ጻፉት

ልጆቼ፣

በቅርቡ ሃንጋር፣ አውሮፕላን የሚጠገንበት አዳራሽ፣ የገባችሁ «ለጀማሪ ምን ትመክራለህ?» ብላችሁኛል። እኔ የምፈራላችሁ ይሉኝታን ነው። ሌላው በስልጠና ይመጣል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1988 የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ይበር ነበር። 24 ሺህ ጫማ ላይ ሳለ የፊት ጣሪያው ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በዚያው ጠፋች። ፓይለቶቹ ማዊ ደሴት ላይ እንዴት እንዳሳረፉት ዛሬም ይገርመኛል።

አውሮፕላኑ የ19 ዓመት ነበር። ከደሴት ደሴት ሲመላለስ ከ89 ሺህ ጊዜ በላይ በሯል። በተነሳ ቁጥር ሆዱ በአየር ይወጠራል፣ ሲያርፍ ይረግባል። ሽቦ እያጠፋችሁ እያቃናችሁ ስትበጥሱት እንደሚሆነው ነው። የቆርቆሮው መጋጠሚያ ማጣበቂያ ሲለቅ ጫናው በሙሉ ቆርቆሮዎቹን በሚያያይዙት ሚስማሮች፣ በሪቬቶቹ ላይ ወደቀ። ከዚያ በየሪቬቱ ቀዳዳ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ፤ አንዷ ከሌላዋ እስክትገናኝ ድረስ። የጥገና ፍተሻው አላገኛቸውም።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት ተሳፋሪ ሂሎ ላይ ስትገባ አካሉ ላይ ስንጥቅ አይታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። እሷስ ተሳፋሪ ናት፣ አልፈርድባትም። ባትሪ ይዞ እንዲያይ ደሞዝ የሚከፈለው ግን እኔና እናንተ ነን።

ደግሞ የተጠገነ ቦታን አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሆንግ ኮንግ ላይ ጭራው መሬት የፋቀ የታይዋኑ ቻይና ኤርላይንስ ቦይንግ 747 ነበር። ጭረቱ በደንብ ሳይነሳ ላዩ ላይ ደብለር፣ ማለትም የቆርቆሮ ልጥፍ፣ ተለጠፈበት። ከ22 ዓመት በኋላ አየር ላይ ተበታተነ፤ 225 ሰው አለቀ። ከአደጋው ወራት በፊት በተነሳ ፎቶ ላይ ደብለሩ ዙሪያ እድፍ ይታይ ነበር። ስለዚህ በሪቬት ወይም በልጥፍ ጠርዝ የወጣ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ስታዩ ጨርቅ አታንሱ። መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

እኔ ጀማሪ ሳለሁ፣ በሌሊት ሺፍት፣ የጭነት በር ፍሬም ላይ ቀጭን መስመር አየሁ። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጥፍሬን ያዝ አደረገው። አለቃዬ ሰዓቱን ያያል፤ አውሮፕላኑ ጠዋት መውጣት አለበት። እጄ እየተንቀጠቀጠ የጥገና ካርዱ ላይ ጻፍኩት። ቀለሙ ተላጠ፣ በመሣሪያ ተፈተሸ። የቀለም ጭረት ሆኖ ተገኘ! በረራው ዘገየ፣ ለወራት ተሳቀብኝ። ስሜም «ፀጉር ቆጣሪው» ሆኖ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። እነዚያው የሳቁብኝ ሰዎች ሌሊት አንድ መስመር ላይ ሲከራከሩ፣ ከሃንጋሩ ጫፍ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር፦ «ኧረ ፀጉር ቆጣሪውን ጥሩልን!»