ኳስ «ክብ» ናት ወይስ «ድቡልቡል»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ልጄ በሒሳብ ፈተና ከኳስ ሥዕል ሥር «ክብ»፣ ከሳጥን ሥዕል ሥር ደግሞ «አራት ማዕዘን» ብላ ጻፈች። ሁለቱም ኤክስ ሆኑባት። ሁላችንም እንዲህ አይደል እንዴ የምንለው?

መልስ፦ የልጅዎ አማርኛ እንከን የለውም። «ኳሷ ክብ ናት» ስንል «ክብ» ቅጽል ነው፤ የኳሷን መልክ ይገልጻል። ፈተናው የጠየቀው ግን የቅርጹን ስም ነው። በጂኦሜትሪ «ክብ» ጠለል ምስል ነው፤ ውፍረት የለውም። ኳስ ግን ጠጣር ምስል ናት። ስሟ «ሉል» ነው፤ «ስፌር» የሚሉትም አሉ።

ደስ የሚለው፣ ልዩነቱን አማርኛ ራሱ ያውቀዋል። «ክብ» የወጣው «ከበበ» ከሚለው ግሥ ነው። የሚከብ ሰው ዙሪያውን ነው የሚይዘው። «ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ» ሲባል መሬት ላይ ያለ ቅርጽ ይታየናል። «ድቡልቡል» ግን የ«አድበለበለ» ዘመድ ነው። የሚያድበለብል ሰው የያዘውን ነገር በመዳፎቹ መሀል ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያሽከረክረዋል። ስለዚህ ሉልን ሲያስረዷት «ድቡልቡል» ብለው ይጀምሩ። እኔ ከ«ስፌር» በፊት ይህን ቃል አስቀድማለሁ።

ሳጥኑስ? «አራት ማዕዘን» የአንድ ገጹ ስም ነው። ሳጥን 6 ገጾች፣ 12 ጠርዞችና 8 ጫፎች አሉት። ስሙ «ሬክታንግላዊ ፕሪዝም» ነው፤ ገጾቹ ሁሉ ካሬ ከሆኑ ደግሞ «ኩብ» ይባላል። ልጅዎ ያደረገችው የታያትን ገጽ ስም ለሙሉው አካል መስጠት ነው። ሲሊንደርንም ከላይ ያየው «ክብ»፣ ከጎን ያየው «አራት ማዕዘን» ሊለው ይችላል። ሥዕል ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ወረቀት ላይ የተሳለ ኩብ እኮ ራሱ ጠፍጣፋ ነው! እውነተኛ ሳጥን ይስጧትና ገጾቹን በእጇ እየዳሰሰች ትቁጠር።

«ስፋት» የሚለው ቃል ላይም ይጠንቀቁ። በዕለት ተዕለት ንግግር «ስፋቱ ስንት ነው?» ስንል ብዙ ጊዜ ወርዱን ማለታችን ነው። በሒሳብ ግን የሬክታንግል ስፋት ርዝመቱ በወርዱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ወለል ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው። 2 ሜትር ከፍታ ሲጨመርበት ጠጣር ይሆናል፤ ይዘቱም 24 ሜትር ኩብ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ «ካሬ» ካየች ስለ ገጽ፣ «ኩብ» ካየች ስለ ሙሉው አካል እየተጠየቀች ነው።