ቆጣሪው ቆሟል ማለት ውሃ አይፈስም ማለት አይደለም

እህቴ፣ «መታጠቢያ ቤቴ በር መቃን ሥር እንጉዳይ በቀለ፣ ነቅዬ በበረኪና ባጥበውም ተመልሶ መጣ፣ እንጉዳይ ጫካ አይደል እንዴ የሚበቅለው? ይበላ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ቤት የበቀለው እዚያው ቦታ ነው፤ ያንቺም ነገር ከእኔው አይለይም ብዬ ልመልስልሽ።

1ኛ፦ በመንቀል አትገላገይውም። የምታዪው ፍሬው ነው፤ ዋናው አካሉ እንጨቱ ውስጥ የተሰራጨው ቀጭን ድር ነው። በረኪና ላዩን ያነጣዋል እንጂ እንጨት ውስጥ ዘልቆ አይደርስበትም፤ የተበጠበጠበት ውሃ ግን ይሰርጋል። ተናደሽ ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅይው ደግሞ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

2ኛ፦ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጊ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። ይህቺን አንዲት ነገር ነው ለሕንፃው ጥገና ክፍል ኃላፊ ማስረዳት ያቃተኝ። ፎቶ ይዤ ሄድኩ፦ ነጫጭ ቅንጣት የተነሰነሰበት ማርማ ቆብ፣ ከሥሩ ብርቱካናማ ጭገር። ያ ጭገር ኮፕሪኔለስ ዶሜስቲከስ የሚባለው ዓይነት ምልክት ነው፤ እርጥብ የቤት እንጨት ላይ የታወቀ ነው። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «መስኮት ክፈት» አለኝ። አልሄድም ስለው መጥቶ ቧንቧዎቹን በሙሉ ዘጋና ቆጣሪውን እያየ «ይኸው፣ አይንቀሳቀስም፤ ቤትህ ላይ ፍሳሽ የለም» ብሎ ቀለም ቀቢ ላከልኝ። የቀለሙ ሽታ ሳይለቅ እንጉዳዩ በዞኮሎው ስንጥቅ በኩል ብቅ አለ።

ቆጣሪ የሚቆጥረው ወደ ቤት የሚገባውን ውሃ ነው። የሚያፈሰው የማፍሰሻው ቱቦ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ቢያፈስም ቆጣሪው ምንም አያውቅም፤ ውሃው አንዴ ተቆጥሮ አልፏልና። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ፦ መቃኑ ጠፈፍ እስኪል ሻወሩን ተዪው። ከዚያ ግድግዳውንና ወለሉን ሳትነኪ ውሃ በባልዲ ቀጥታ ማፍሰሻው አፍ ውስጥ ድፊ። መቃኑ ሥር ከረጠበ ቱቦው ነው። ካልረጠበ ሌላ ቀን ሻወሩን ግድግዳው ላይ ብቻ ልቀቂበት፤ ያኔ ከረጠበ ውሃው የሚገባው በሴራሚኩ መጋጠሚያ ነው። እኔ ጋ በባልዲው ረጠበ። ፎቶውን ከነቀኑ ስልክላቸው ሴራሚኩን አስነሱት፤ መጋጠሚያው ላይ የተሰነጠቀ ቱቦ ተገኘ። መሐንዲስ አይደለሁም፣ ግን ያገኘሁት እኔ ነኝ! ይቅርታ የለ፣ ምን የለ፣ ጭራሽ የሴራሚኩን ሒሳብ ላኩብኝ። እነዚያኑ ፎቶዎች አያይዤ መለስኩላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ።

ቱቦው ሲጠገን መቃኑን በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጊው። እንደ ዳቦ ካስገባ ያንን ክፍል ቆርጦ መቀየር ነው፤ ማድረቅ ብቻ አይበቃውም። ዝገት የመሰለ ዱቄትና እርሳስ የሚያክል ግራጫ ሥር መሳይ ነገር በግንብ ላይ ሲሄድ ካየሽ ግን ያ ሰርፑላ ላክሪማንስ የሚባለው እንጨት የሚያበሰብስ ሌላ የእንጉዳይ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ግንብ አቋርጦ ውሃ እየሳበ ሌላ እንጨት ላይ ይደርሳልና ባለሙያ ሳያየው ምንም አትነካኪ።

ጫካ ላልሽው፣ በ2005 አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ሮግ በሚባለው ወንዝ ከውሃ ሥር የሚበቅል እንጉዳይ ተገኝቷል፤ ሳቲሬላ አኳቲካ ይሉታል። ያንቺ መቃን ምን ያስደንቃል?

መብላቱን እርሺው። በፎቶ «ይበላል» የሚልሽ ሰው እዚህ ቢመጣም አትስሚው። የባልዲውን ሙከራ ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ ከታችሽ ጎረቤት ካለ ንገሪያቸው፣ ኮርኒሳቸውን ይዩልሽ፤ እነሱ ጋ ቀድሞ ሊረጥብ ይችላል።