ወንድምሽ ክኒኑን ለምን እንደተወው ታውቂያለሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ24 ዓመት ወንድምሽ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ህመም ነው ተብሎ ሪስፔሪዶን የሚባል ክኒን ጀምሮ ነበር። ሲሻለው ተወው። አሁን ጎረቤት ሁሉ ስለ እኔ ያወራል እያለ በሩን ዘግቶ ይውላል። እናትሽ መድኃኒቱ ቀርቶ ጸበል ይግባ ብለዋል። አንቺ ደግሞ ክኒኑን ሳያውቅ ወጥ ውስጥ ልጨምርለት ወይ ብለሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ታላቅ ወንድሜ ግን በዚሁ ህመም ለዓመታት ስለኖረ አብሬው ያየሁትን ልንገርሽ።

ከወጡ ልጀምር። በፍጹም እንዳታደርጊው። ይህ ህመም ያለበት ሰው "ሊመርዙኝ ነው" ወደሚል ጥርጣሬ ለመሄድ ብዙ አይቸገርም። ክኒኑን አንድ ቀን በጉርሻው ውስጥ ካገኘው ጥርጣሬው ልክ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ክኒኑን ብቻ ሳይሆን ምግቡንም፣ አንቺንም ይተዋል።

ይልቅ ለምን እንደተወው ጠይቂው። "ለምን አትወስድም?" ካልሽው ተቆጣሽ ማለት ነው። "ስትወስደው ምን ያደርግሃል?" በዪው። ወንድሜ መጀመሪያ የታዘዘለት ሃሎፔሪዶል የሚባል ሌላ መድኃኒት ነበር። አንድ ምሽት አንገቱ ወደ ጎን ተጠማዞ ቀረ። ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ "ያዘው" ተባለ፣ አንዷ መቁጠሪያዋን ይዛ መጣች። ጤና ጣቢያ ስናደርሰው ተረኛዋ ነርስ ገና ስታየው "ምን መድኃኒት ነው የሚወስደው?" አለች። መርፌ ተወጋና ብዙም ሳይቆይ አንገቱ ተመለሰ። ያንን ያየ ሰው ክኒን ሲሸሽ እልኸኛ ነው አልለውም።

የወንድምሽ ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጭ ይበዛል። አንዳንዱን ቁጭ ብሎ ማረፍ ይከለክለዋል፤ ሲንቆራጠጥ ያድራል። ሪስፔሪዶን በወንድነት ላይም ችግር ሊያመጣ ይችላል። ይህንን ለእህቱ የሚናገር ወንድ የለም፣ ስለዚህ ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ትንሽ ብቻቸውን ተያቸው። ረሃቡም አለ። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን በጣም ይጨምራሉ፤ ቤት ውስጥ እንጀራ በልክ ሲሆን ብዙ ሰው የሚተወው በዚህ ነው። ለዚህ ሁሉ መፍትሔ አለው። መጠኑ ይቀነሳል፣ ዓይነቱ ይቀየራል፣ ለመንቀጥቀጡ ሌላ ክኒን ይታከላል። ግን ሐኪሙ የሚያውቀው ከተነገረው ነው። ወረፋው ረጅም፣ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ስለሆነ የታዘባችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ ግቡ።

በየቀኑ በክኒን መጨቃጨቅ ከሰለቻችሁ ስለ ወር መርፌው ጠይቂ። ፍሉፌናዚን የሚባለው በጡንቻ ተወግቶ ለሳምንታት ይቆያል። እኛ ቤት ሰላም ያወረደው እሱ ነው። "ውጠሃል? አልዋጥክም?" የሚለው ንትርክ ቀረ። ሁሉም ሰው ላይስማማው ይችላል፣ እሱን ሐኪሙ ይወስን።

ወደ ጸበሉ ልምጣ። ከእናትሽ ጋር በዚህ አትጣዪ። እናቶችን ከጸበል ማስቀረት አይቻልም፣ ለምን ይቅር እንደሚባልም አይገባኝም። ጥያቄው ጸበል ይሁን ወይስ መድኃኒት አይደለም፤ መድኃኒቱ ለምን ይቆማል ነው። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕመምተኞች ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለዚህ ህመም የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። አንቺ ብትከራከሪያቸው አይሰሙሽም፤ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪ። የእኛ አባት ለእማዬ "ታማሚ መድኃኒት ቢወስድ ጾም አይሻርም" ካሏት በኋላ ክኒኑን በጸበሉ ታስውጠው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ከእኔ በላይ የምትጠብቀው እሷ ናት። አንድ ነገር ላይ ግን እንዳትለሳለሺ፦ በሰንሰለት የሚያስሩበት፣ የሚገርፉበት ቦታ ከሆነ አይሄድም።

ጎረቤት ያወራል ሲልሽ "ውሸት ነው፣ ማንም አያወራም" አትበይው። አያምንሽም፣ እንደውም ከእነሱ ጋር ይቆጥርሻል። "አዎ እውነትህን ነው" ብለሽም አታጽኚለት። "እኔ አልሰማሁም፤ ግን እንደዚያ መስማት ያስፈራል" በዪው። ከዚያ ሻይ አፍልተሽ አብራችሁ ጠጡ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ካልመከርነው ሲል ደግሞ በትኚያቸው። ሲናገር አንድ ሰው ይናገር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጫት የሚቅም ከሆነ ከክኒኑ እኩል የምታወሪው ስለ ጫቱ ነው። ያባብሰዋል፣ እንቅልፉንም ይወስድበታል። ህመሙ ሊመለስ ሲል ቀድሞ የሚሄደው እንቅልፍ ነው። የእኛው ሌሊት ኮሪደር ላይ መመላለስ ይጀምርና ቴሌቪዥኑን በጋቢ ይሸፍናል። ጋቢውን ያየን ቀን ቀጠሮ አንጠብቅም። የወንድምሽ ምልክት ሌላ ይሆናል፣ ፈልጊው። ራሱን ስለማጥፋት ካወራ፣ ለእሱ ብቻ የሚሰማው ድምፅ "ይህን አድርግ" እያለ ካዘዘው፣ ወይም መድኃኒት እየወሰደ ከፍተኛ ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ ግትር ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ የአእምሮ ህክምና ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ እንዳይመስልሽ። ጠቅላላ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ህክምና ክፍል ያላቸው አሉ። ክትትሉ ሲረጋጋ ወደ ቅርባችሁ እንዲጽፉላችሁ ጠይቂ። መድኃኒት ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ።

ሥራ ይሠራል ወይ፣ ያገባል ወይ ላልሽው ከአሁኑ የሚያውቅ የለም። የእኔ ወንድም አላገባም። ጠዋት ጠዋት የአጎታችንን ሱቅ ይከፍታል፣ ሒሳብ አይሳሳትም፣ ሰው ሲበዛ ግን ወደ ጓዳ ይገባል፤ አጎታችንም ለምን ብሎት አያውቅም። ወንድምሽ ገና አሁን ነው የታመመው፣ ከመጀመሪያው ህመም በኋላ መድኃኒቱ ቢያንስ ዓመት ሁለት ዓመት መቀጠል እንዳለበት ነው እኛም የተነገረን። ለጊዜው ቀጠሮውን ያዢና ክኒኑ ምን እንደሚያደርገው ጠይቂው። የሚልሽን እዚሁ ጻፊልኝ፤ ማታ ማታ እገባለሁ።