ካርድሽን ወደ ቦርሳሽ መልሺው

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ጉልበቴን አሞኝ አንድ ሆስፒታል ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኢንሹራንሱ ደብዳቤ መጣ 1,840 ዶላር ይላል። ባለቤቴ ቶሎ ክፈይው ክሬዲትሽ ይበላሻል እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ እኔ ደሞ በየወሩ ከደሞዜ እየቆረጡ ይሄ ምንድነው ብዬ ተናድጃለሁ። ፎቶውን ልኬላችኋለሁ፣ ልክፈል?

መልስ፦ እህቴ እንዳትከፍዪ! ከላይ በደቃቅ ፊደል "ዚስ ኢዝ ኖት ኤ ቢል"፣ ይሄ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም ይላል እኮ። ኢኦቢ የሚሉት ነው፣ ኢንሹራንሱ ሂሳቡን እንዴት እንደሠራው የሚያሳይ ወረቀት። እኔም እንደመጣሁ ሰሞን ለአንዱ ቼክ ጽፌ ልኬ ብሬን ለማስመለስ ስንት ቀን ስልክ ላይ ሙዚቃ ሳዳምጥ ከርሜያለሁ።

በይ ወረቀቱን አብረን እንየው። 1,840 ሆስፒታሉ የጠራው ዋጋ ነው፣ ሆስፒታሉ ኔትዎርክ ውስጥ፣ ማለትም ከኢንሹራንስሽ ጋር የተዋዋለ ስለሆነ ያንን አንቺም ኢንሹራንሱም አትከፍሉትም። ከስሩ "አላውድ አማውንት" 1,100 ይላል፣ ቀድመው የተዋዋሉበት ዋጋ ነው፣ 740ው እዛው ተሰረዘ። ከ1,100ው 500ው ወደ ዲዳክቲብል ሄዷል፣ ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ ማገዝ ከመጀመሩ በፊት በዓመቱ ከኪስሽ የምትጨርሺው ነው፣ ያንቺ 500 ቀርቶት ነበር አሁን አለቀ። ከቀረው 600 ላይ ኮኢንሹራንስሽ፣ ማለትም ከዲዳክቲብሉ በኋላ ያንቺ ድርሻ፣ 20 ፐርሰንት ስለሆነ 120፣ በጠቅላላ ያንቺ 620 ነው፣ 480ውን እነሱ ይከፍላሉ። ከደሞዝሽ የሚቆረጠው ፕሪሚየም ግን ዲዳክቲብል ውስጥ አይቆጠርም፣ እዚህ ላይ ብትናደጂ አልፈርድብሽም። ኮፔይ ሌላ ነው፣ ዶክተር ጋ ስትሄጂ መስኮቱ ላይ የምትከፍያት የተቆረጠች ሂሳብ ናት።

አሁን የሆስፒታሉን ቢል ጠብቂ። 620 ካለ ልክ ነው፣ ከዛ ከበለጠ ቢሊንግ ክፍል ደውለሽ ኢኦቢዬ 620 ነው የሚለው በያቸው፣ አይተማይዝድ ቢልም፣ እያንዳንዱ ሂሳብ በዝርዝር የተጻፈበትን፣ ጠይቂ። ከከበደሽ ደሞ ሆስፒታሉ ነን ፕሮፊት፣ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ ፋይናንሻል አሲስታንስ፣ መክፈል ለከበደው የሚሰጥ እርዳታ፣ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድደዋል፣ የመጀመሪያው ቢል ከወጣ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ትችያለሽ። ለባለቤትሽ ደሞ ንገሪው፣ ከ2022 ጀምሮ የሕክምና ዕዳ ዓመት ሳይሞላው ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይወጣም።

እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ ስትደውዪ "አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" በይ፣ አስተርጓሚ በነጻ ያገናኙሻል።