እሳት ዳር የደረቀ ቡትስ ይድናል ወይ?

ከደባርቅ አንድ አስጎብኚ የላከልኝ መልእክት ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ጋሼ፣ አንድ ቱሪስት ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሩ የቆዳ ቡትስ ሰጥቶኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ከግጭ ወደ ጨነቅ ስንሄድ ዝናብና በረዶ ወረደብን። ማታ እሳት ዳር አስጠግቼ አደረቅኩት። አሁን እንጨት ሆኗል። ጣቶቼ የሚታጠፉበት ቦታ ተሰነጣጥቋል፣ ዙሪያውን ነጭ መስመር አውጥቷል፣ የአንዱ ሶል ደግሞ ከፊት በኩል አፉን ከፍቷል። እንዲለሰልስ የምግብ ዘይት ብቀባው መሽተት ጀመረ። ይድናል ወይስ ልጣለው?»

ቶሎ አትጣለው ወንድሜ። እንደ አዲስ አይሆንልህም፤ ግን ሌላ ክረምት የሚያሻግርህ ይመስለኛል።

ውርጭ በሚጥልበት ቦታ እርጥብ ጫማ እሳት ዳር ያስጠጋ ሰው ላይ አልፈርድም። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ሸራ ተራ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተለማማጅ ሳለሁ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። የደንበኛ ቡትስ አጥቤ፣ ቶሎ ይድረስ ብዬ ከሰል ማንደጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አፍንጫው ወደ ላይ ተቆልምሞ ጠበቀኝ። ቆዳው ተኮማትሮ ከሶሉ ጋር ተለያይቷል። ሰውየው እግሩን ሊያስገባ ሲታገል ያየሁት ዛሬም ፊቴ ላይ አለ። ዋጋውን ከምሳ ገንዘቤ እየቆረጥኩ ከፈልኩ።

ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ቆዳ ውስጡ የተወሳሰበ ክር ነው። ሲለፋ በክሮቹ መሃል ቅባት እንዲገባ ይደረጋል። ጫማህ ሲታጠፍ አንዱ ክር በሌላው ላይ የሚንሸራተተው በዚያ ቅባት ነው። ቆዳ በረጠበና በደረቀ ቁጥር ከቅባቱ ጥቂት ያጣል፤ በዝግታ ከደረቀ ጉዳቱ ቀላል ነው። እሳት ዳር ሲሆን ግን ክሮቹ ይኮማተሩና እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ከዚያ ስትራመድ መንሸራተት ያቃተው ክር ይበጠሳል። ያየኸው ስንጥቅ እሱ ነው። የሶሉም ነገር ከዚሁ ይመጣል። ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ማስቲሹን ለማጣበቅ የሚያነቃቁት 60 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት ነው። የፍም ዳር ከዚያ ያልፋል፤ ማስቲሹ ላላ፣ የተኮማተረው ቆዳ ጎተተው፣ አፉን ከፈተ።

መጀመሪያ ስንጥቁን እንየው። ጫማውን በእጅህ ቀስ ብለህ እጠፈውና ብርሃን ላይ ተመልከት። የተሰነጠቀው ላዩ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ከስር ጤነኛ ቆዳ የሚታይ ከሆነ፣ ሥራ አለን። ስንጥቁ እስከ ውስጥ ጨርቁ ከዘለቀ ግን ቅባት አይመልሰውም። እሱን ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደህ ከላይ ቆዳ አስደርብበት።

ቀጥሎ ያንን የምግብ ዘይት እናውጣ። የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ይበላሻል፤ የሸተተህ እሱ ነው። ቅቤም ያው ነው፣ ያውም አይጥ ይጠራብሃል። የማሰሪያ ክሩንና የውስጥ ንጣፉን አውጣ። የደረቀውን ጭቃ በብሩሽ አራግፍ፤ የክር ቀዳዳዎቹና የምላሱ ማጠፊያ ውስጥ የገባውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት የፀጉር ሻምፖ ጠብ አድርገህ በጨርቅ እጠበው። ኦሞ አትንካ፣ በረኪናማ ጭራሽ። ቆዳ ትንሽ ወደ አሲድ ያደላ ነገር ነው፣ የልብስ ሳሙና ደግሞ ተቃራኒው፤ ቅባቱን ጠርጎ ይወስድብሃል። ዘይቱ በአንድ ጊዜ ካልለቀቀ በማግስቱ ድገመው።

ነጩ መስመር ጨው ነው። ከላብህም ከመሬቱ ውሃም ይመጣል። አንድ እጅ አቼቶ ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለህ በጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ። ሻጋታ ካገኘህም እንዲሁ አድርግ፤ ብቻ ብሩሹን ከቤት ውጭ ተጠቀም፣ አለዚያ ሻጋታውን ቤትህ ውስጥ መዝራት ነው።

አሁን ማድረቅ። ጋዜጣ ጨምድደህ አፍንጫው ድረስ ሙላበት። የመጀመሪያው ጋዜጣ በሰዓት ውስጥ ይረጥባልና ቀይረው፤ ከዚያ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ። ጫማውን በጎኑ አጋድመህ ነፋስ የሚገባበት ጥላ ላይ አኑረው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አትስቀለው፣ ፀሐይ ያረፈበት ቆርቆሮ ከማንደጃ አይሻልም። በክረምት ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ካምፕ ውስጥ ጋዜጣ ከሌለህ ደረቅ ጨርቅም ደረቅ ሣርም ይሠራል። እሳቱን ለራስህ ሙቀው፣ ጫማውን አርቀው።

ግን ጭው ብሎ እስኪደርቅ አትጠብቅ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ጫማው ውሃው ጠፍቶ ነገር ግን ስትነካው ገና ቀዝቀዝ የሚልህ ሰዓት አለ። ቅባት የሚቀባው ያኔ ነው። ክሮቹ ገና ክፍት ናቸው፤ ውሃው ሲወጣ ቅባቱ ቦታውን ይይዛል። እንጨት የሆነ ቆዳ ላይ ብትቀባ ላዩ ላይ ተኝቶ አቧራ ይሰበስባል።

ምን ልቀባ ነው ጥያቄው። ሊስትሮ ጋ ያለው ቀለም ለመልክና ለላይ መከላከያ ነው፤ ብዙው ሰምና ማቅለሚያ ስለሆነ የተራበ ቆዳ አያጠግብም። ለቡትስ ተብሎ የተሠራ የቆዳ ቅባት ካገኘህ ግዛ። ካላገኘህ እኔ የምሠራውን ልስጥህ። ለፀጉር የሚሸጠው የጉሎ ዘይት እንደ ምግብ ዘይት ቶሎ አይበላሽም። በመጀመሪያው ቀን እሱን ብቻ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ጫማ፣ በጣትህ እያሸህ አስገባው። በጣት የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእጅህ ሙቀት ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ደግሞም የቱ ጋ እንደጠጣና የቱ ጋ እንዳልጠጣ ጣትህ ይነግርሃል። ማጠፊያው ላይ ቆይ። ሲያድር የተረፈውን ጥረግ፣ ጫማውን በእጅህ እያጠፍክ አለማምደው። በማግስቱ ድገመው፣ በሦስተኛውም ቀን። ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ አንዴ የሰከረ ቆዳ ይላላና እግርህን አይዝም።

በአራተኛው ቀን ሰም። አንድ ማንኪያ የንብ ሰምና ሦስት ማንኪያ የጉሎ ዘይት በጣሳ አድርገህ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጠህ አቅልጥ። ሰም 60ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ስለሚቀልጥ ውሃው ይበቃዋል። እሳት ላይ በቀጥታ እንዳታደርገው፣ ይነድብሃል። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይረጋል። እሱን ስንጥቆቹና ስፌቱ ላይ አብዝተህ፣ ሌላው ላይ ስስ አድርገህ ቀባና በብሩሽ አሸው። ስንጥቁን አይገጥመውም። ውሃ እንዳይገባበትና እንዳይሰፋ ያደርገዋል።

ይሄ ሁሉ ፊቱ ልስልስ ለሆነ ቆዳ ነው። የአንተ ፀጉራም ቆዳ (ሱዊድ የሚሉት) ከሆነ ዘይቱንም ሰሙንም ተው፤ ፀጉሩ ይተኛል፣ ይጠቁራል፣ አይመለስም። ለሱ በብሩሽ ማበጠርና ለፀጉራም ቆዳ የሚሆን የሚረጭ ውሃ መከላከያ ነው ያለው። ጎርቴክስ (ውሃ የማያስገባ ግን የላብ እንፋሎት የሚያስወጣ የውስጥ ሽፋን) የሚል ምልክት ካለበትም ዘይቱን ቀንስ፣ ብዙ ቅባት እግርህ እንዳይተነፍስ ያደርጋል።

ወደ ሶሉ ልምጣ። የተከፈተውን አፍ አስፍተህ የድሮውን ማስቲሽ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፣ ሶሉንም ቆዳውንም። አቧራውን ጥረግ። አዲስ ማስቲሽ በሁለቱም በኩል ስስ አድርገህ ቀባና አስር፣ አስራ አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ጣትህ ላይ የማይከተልህ ሲሆን ግጠመውና በኃይል ተጫነው። ከመነዳሪ እንደ ቀበቶ ቆርጠህ ጠቅልለህ እሰረው፤ አንድ ቀን ይደር። ችኩል ሰው እርጥቡን ገጥሞ በሳምንቱ «ማስቲሹ ውሸት ነው» ይላል። አፍንጫው ላይ ደግሞ በወስፌ ሁለት ሦስት ጥልፍ ቢጨመርበት አይጎዳም።

ከማጣበቅህ በፊት ግን አንድ ነገር ፈትሽ። በሶሉና በቆዳው መሃል ያለውን ለስላሳ ድርብ በአውራ ጣትህ ጥፍር ጫን በለው። ተመልሶ ከተነሳ ጤነኛ ነው። እንደ ደረቀ ዳቦ ከተፈረፈረ ማስቲሽህን አታባክን። ብዙ የተራራ ጫማ ውስጥ ያ ድርብ ፖሊዩሬቴን የሚባል ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ ነው፤ እርጥበት ከውስጥ ያፈርሰዋል፣ ሳይለበስ ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም። ከውጭ አገር ተልኮ «ለክፉ ቀን» ተብሎ አልጋ ስር ዓመታት የቆየ አዲስ ቡትስ በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ሶሉን ጥሎ የመጣልኝ ስንት ጊዜ ነው። የአንተ ቱሪስትም ጫማውን ከመስጠቱ በፊት ስንት ዓመት እንደያዘው አናውቅም። እንደዚያ ከሆነ ድርቡም ሶሉም ወጥቶ ሌላ ይገባለታል። ሸራ ተራ የሚሠራው አታጣም፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስታገኝ ሁለቱንም እግር ላክ እንጂ የተከፈተውን ብቻ እንዳትልክ። አንዱ ብቻ ከተቀየረ ቁመታቸው ይበላለጥና ቁልቁለት ላይ ጉልበትህን ያምሃል።