መልስ፦ ደሴት ላይ በባሕር ዳር ልታድር ስትል ካስማው ከአሸዋው እየተነቀለ ድንኳኑ አልቆም ላለህ

ቀጭን ካስማ ደረቅ አሸዋ ላይ አይዝም፤ ረዘም ያለ ብትገዛም ኃይለኛ የባሕር ነፋስ ይነቅለዋል። መትከሉን ተውና ቅበር።

1. ጠንካራ ከረጢት አሸዋ ሞልተህ አፉን እሰር። ድንኳኑ ተጠቅልሎ የሚገባበት ከረጢትም ለዚህ ይሆናል።

2. የድንኳኑን ገመድ ከረጢቱ ወገብ ላይ እሰረው።

3. ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍረህ ከረጢቱን ለገመዱ አግድም አስተኛው። ገመዱ የሚወጣበትን ቦይም ወደ ድንኳኑ አዘንብለህ ክፈትለት፤ አለዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይስብና ከረጢቱን ያወጣዋል።

4. አሸዋውን መልስ፣ ውኃ አርከፍክፍበት፣ ርገጠው። እርጥቡ ይጠቀጠቃል፣ ደረቁ ይንሸራተታል።

ከረጢት ካነሰህ ባሕሩ የተፋው ወፍራም እንጨት ይበቃል። ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ጀምር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ደሴቱ ላይ ለማደር የመረጥከው ቦታ ባሕሩ የተፋው አረምና ጭራሮ ከተሰለፈበት መስመር በላይ ይሁን፤ መስመሩ ውኃው የደረሰበት ምልክት ነው። መስመሩ ሁለት ከሆነ ከፍ ያለውን እመን። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ውኃው ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ወደ የብስ ይገባል። በአብዛኛው ጠረፍ የባሕሩ ሙላት በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ያየኸው ሙላት ሌሊት ተኝተህ ሳለ ይደገማል።