ዕጣኔ ዘይት ውስጥ ለምን አይሸትም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ውድ አንባቢዎቻችን። ባለፈው እትም በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የተፈጥሮ ሽቶና የሰውነት ቅባት ጥያቄ ካላችሁ ላኩልን ብለን ነበር፣ ብዙ ደርሶናል። ሁሉንም ሳነበው አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፣ ሽታው የት ገባብኝ ነው የምትሉት። መልሱ ደግሞ በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው ያለው፦ እያንዳንዱ ሽታ የሚቀበለው ነገር አለ፣ አንዱ አልኮል ይፈልጋል፣ አንዱ ስብ ይፈልጋል፣ አንዱ ጭስ ካልሆነ አይወጣም። ይሄን ሳያውቁ መጀመር ነው ዕቃም ጊዜም የሚያባክነው፣ በተለይ እንደኛ ዕጣን፣ ከርቤና ኮረሪማ በደጁ እያለ ፈረንጅ የሠራውን ለሚገዛ ሰው ያሳዝናል።

*«እትዬ፣ ነጭ ዕጣን ወቅጬ የወይራ ዘይት ውስጥ ጨምሬ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት፣ ስንት ጊዜ ጠበቅኩ፣ የሚሸተኝ ግን ዘይቱ ብቻ ነው። ከዛ በአረቄ ሞከርኩት፣ ነጭ ሆኖ ደፈረሰብኝ። ዕጣኑን አጭበርብረውኝ ይሆን?» — ከሳሪስ*

አላጭበረበሩሽም የኔ እህት። ዕጣን ውስጥ ሶስት ነገር አለ፣ አንደኛው ሲሞቅ የሚተነው ዘይት ነው፣ ሽታው በዋናነት እሱ ነው፣ ሁለተኛው አልኮል የሚያሟሟው ሙጫ፣ ሶስተኛው ደግሞ ውሃ የሚያሟሟው ሙጫ። የወይራ ዘይት በለስላሳ ሙቀት ትንሽ ሽታ ይወስዳል፣ ግን የራሱ ሽታ ከባድ ስለሆነ ዕጣኑን ይውጠዋል። አረቄ ደግሞ ግማሹ ወይም ከዛ በላይ ውሃ ነው፣ ዘይቱና አልኮል የሚያሟሟው ሙጫ ደግሞ ከውሃ ጋር አብረው አይሄዱም፣ የደፈረሰብሽ ለዛ ነው። የሚያስፈልግሽ 95 ወይም 96 ፐርሰንት ኢታኖል ነው። ፋርማሲ ያለው 70 ፐርሰንቱ አይሆንም፣ ግሊሰሪን የገባበት የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ለማቃጠያ የሚሸጠውን ስፕሪት ደግሞ ጭራሽ እንዳትነኪው ምክንያቱም ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፣ ሜታኖል በቆዳም በትንፋሽም ይገባል፣ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ዕጣኑን መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሶስት ሰዓት አቆይው፣ ካልሆነ ሙቀጫው ላይ ይጣበቅብሻል፣ ከዛ ውቀጪውና 20 ግራም ዕጣን በ80 ግራም አልኮል ጠርሙስ ውስጥ ክተቺ፣ ከድነሽ ጨለማ ቦታ አስቀምጪ፣ በየቀኑ ነቅነቅ አድርጊው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ካቆየሽ በኋላ በቡና ፊልተር አጥልይው። ታች የሚቀረው ነጭ ነገር ውሃ የሚያሟሟው ሙጫ ነው፣ መቅረቱ ትክክል ነው። ከርቤም በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ ከርቤ ላይ እንደውም የሚቀረው ይበዛል። ይሄን ሁሉ ስትሠሪ እሳት አጠገብሽ እንዳይኖር፣ ሻማም ቢሆን።

በመተማና በሑመራ በኩል የሚመጣው ዕጣን ዘይቱ ውስጥ ኦክቲል አሴቴት የሚባል ነገር በብዛት አለው፣ ለዛ ነው ከሰል ላይ ሳይወጣ በፊት ስታሸቺው ብርቱካን ብርቱካን የሚለው። ያንን ትኩስነት ጭሱ ላይ አታገኚውም፣ አልኮሉ ላይ ግን ታገኚዋለሽ፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ኦንላይን «ቦስዌሊክ አሲድ ያለው የዕጣን ኢሴንሻል ኦይል» (ከዕፅዋት የሚወጣ የሽታ ዘይት ማለት ነው) እያሉ በውድ የሚሸጡ አሉ፣ ቦስዌሊክ አሲድ የዕጣኑ ሙጫ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ከባድ ስለሆነ በእንፋሎት ሲወጣ ከዘይቱ ጋር አያልፍም፣ ገንዘባችሁን አታውጡ። ዛፉንም አስቡለት፣ ከመጠን በላይ እየተደማ፣ ሰደድ እሳትና ከብት ችግኙን እየጨረሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በ20 ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል ብሏል። 20 ግራም ለብዙ ጠርሙስ ሽቶ ይበቃል፣ በኪሎ አትግዙ።

*«ስምንት ዓይነት ኢሴንሻል ኦይል ያለበት ስብስብ ገዛሁ፣ ያልደባለቅኩት ነገር የለም፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ ፋርማሲ ፋርማሲ ይሸተኛል። ስጦታው የለኝም ማለት ነው?» — ከሚኒያፖሊስ*

ስጦታው የለኝም አትበል ወንድሜ፣ ገና አልጀመርክም። እነዛ የጀማሪ ስብስቦች ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ፣ ቲ ትሪ፣ ሚንት፣ ሮዝመሪ ነው፣ ሁሉም ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ዓይነት ሽታ ነው፣ ብትደባልቃቸው ፋርማሲ መሽተታቸው የግድ ነው። ለሽቶ የሚሆን ነገር ለየብቻው ግዛ፣ ትንሽ ትንሽ።

ከዛ ሽታ ፍጥነት እንዳለው እወቅ። ሎሚና ብርቱካን ወዲያው ይመጣሉ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይተው ይሄዳሉ። ጽጌረዳ፣ ድምብላል፣ ኮረሪማ መሃል ላይ ናቸው፣ ለሰዓታት ይቆያሉ። ዕጣን፣ ከርቤና የጽድ እንጨት ደግሞ ማታ ተቀብተህ ጠዋት ልብስህ ላይ ታገኛቸዋለህ። ሽቶ መሥራት ጥበብ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፣ የመጀመሪያው ሲሄድ ሁለተኛው ባዶ ቤት እንዳያገኝ አድርገህ ታገናኛቸዋለህ፣ ሰው አንገትህ ስር በአስር ደቂቃ የሚሸተውና በሶስት ሰዓት የሚሸተው የተለያየ ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ መሆን አለበት።

ስለዚህ ስምንቱን ተው፣ ሁለት ብቻ ያዝ። ቀጭን ወረቀት ቁረጥ፣ አንዱ ላይ ዘጠኝ ለአንድ፣ አንዱ ላይ እኩል፣ አንዱ ላይ አንድ ለዘጠኝ አድርግና ጻፍበት። ወዲያው አሽት፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ አሽት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ነገ ጠዋት። ያየኸውን በራስህ ቃል መዝግብ፣ «የዝናብ አፈር»፣ «የሴት አያት ሳጥን»፣ ምንም ይሁን ያንተ ይሁን፣ ከሌላ ሰው ድረገጽ የተገለበጠ ቃል አፍንጫህን አያስተምረውም። ጉልበተኞቹን ደግሞ፣ ቅርንፉድንና ጠጅ ሳርን በተለይ፣ መጀመሪያ በአልኮል 10 ፐርሰንት አድርገህ አቅጥናቸው፣ አለበለዚያ አንድ ጠብታ ቤቱን ሁሉ ይወስደዋል።

ለመነሻ የኔን ልስጥህ፦ የጽድ እንጨት 12 ጠብታ፣ ዕጣን 8፣ ድምብላል 6፣ ጣፋጭ ብርቱካን 10፣ የቀጠነው ጠጅ ሳር 2፣ ይሄን በ8 ሚሊ ሊትር አልኮል። ሁለት ሶስት ሳምንት አስቀምጠው፣ መጀመሪያ ቀን ላይ የሚሸተውና በኋላ የሚሸተው አይገናኝም። ኮረሪማ ብትጨምርበት ደስ ይላል፣ ዘይቱ ካልተገኘ ፍሬውን ወቅጠህ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈው። እየገፋህ ስትሄድ ጠብታ መቁጠር ትተህ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛን ግዛ፣ የአንዱ ዘይት ጠብታ ከሌላው ጠብታ እኩል አይደለም። ታዋቂ ሽቶ በተፈጥሮ ላስመስል የምትሉም ጽፋችኋል፣ አይሆንም፣ የዛሬ ሽቶ አብዛኛው በላብራቶሪ የተሠራ ሞለኪውል ነው፣ ደግሞስ የራሳችሁን መሥራት እያላችሁ ለምን?

*«የሎሚ ልጣጭና ጤና አዳም ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ ጠዋት ጠዋት እቀባለሁ፣ ሽታው አሪፍ ነው፣ ግን አንገቴ ላይ ጥቁር ነገር ወጣብኝ።» — ከባሕር ዳር*

ዛሬውኑ አቁሚ። ሁለቱም ውስጥ ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳ የሚያቃጥሉ ነገሮች አሉ፣ ጤና አዳም እንደውም በጣም ይብሳል፣ የሚተወው ጥቁር ምልክት ደግሞ ወራት ሊቆይ ይችላል። ቦታውን ከፀሐይ ሸፍኚ፣ ካቃጠለሽ ወይም ካበጠ የቆዳ ሐኪም ይየው። ጤና አዳም ቡና ላይ ይሁንልሽ፣ ቆዳ ላይ አይደለም። የሎሚ ሽታ ካማረሽ በእንፋሎት የወጣ የሎሚ ዘይት አለ፣ እሱ ይሄ ችግር የለበትም፣ ከልጣጩ ተጨምቆ የወጣው ነው ችግሩ። በእንፋሎት የወጣውንም ቢሆን ለሰውነት ዘይት ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት አታሳልፊ፣ 30 ሚሊ ሊትር ዘይት ላይ ከ6 እስከ 12 ጠብታ ማለት ነው። አዲስ ነገር ስትሠሪ ሁሌ ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብተሽ አንድ ሁለት ቀን ጠብቂ። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ሽታ የሌለው ዘይት ይበቃል።

*«እናቴ ግቢ ጠምበለል ነበረን፣ እዚህ ጃስሚን በማሰሮ አበቀልኩ፣ ሽቶ ላድርገው ብዬ ባፈላው የበሰለ ጎመን ሸተተኝ። እንዴት ነው የሚወጣው?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ*

ጃስሚን ሙቀት አይወድም እህቴ፣ ጠምበለልም ጃስሚን ነው፣ ሽታውን በፈላ ውሃ ማውጣት አይቻልም። ግን አንድ የሚገርም ጸባይ አለው፣ ከተቀጠፈ በኋላም ለሰዓታት ሽታ ማምረቱን ይቀጥላል። ፈረንሳይ ግራስ ከተማ ያሉ ሽቶ ሠሪዎች ይሄን አውቀው አበባውን ሞራ የተቀባ መስታወት ላይ ይደረድሩት ነበር፣ ስቡ ሽታውን እየጠጣ ይከርማል። አንቺም ቤትሽ ትችያለሽ። ሽታ የሌለው፣ ሪፋይንድ የሆነ የኮኮናት ዘይት ወይም ሺ በተር ውሰጂ (ከሺ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅቤ ነው፣ ዛፉ እኮ ጋምቤላም አለ)፣ ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ላይ ጣት በሚያህል ውፍረት ቀቢ፣ ማታ የተከፈተውን አበባ ጤዛ ሳይኖርበት ቀጥፈሽ ስቡ ላይ ገልብጠሽ ደርድሪ፣ በሌላ ሳህን ክደኚ። በነጋታው አንስተሽ አዲስ ድርደሪ። ቡኒ የሆነውን አበባ አታቆዪ፣ ስቡን ያበላሸዋል፣ ውሃም ካለው ይሻግታል። ይሄን ደጋግመሽ ነው የምትሠሪው፣ የአንድ ማሰሮ አበባ በአንዴ ምንም አይሰጥሽም፣ አበባ በሚሰጥበት ወቅት ሁሉ እየጨመርሽ ሂጂ።

ስቡ ሲጠግብ በሰም አጠንክሪው፣ አራት እጅ ስብ ለአንድ እጅ ሰም። ሰም የሚቀልጠው 62 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አታሙቂ፣ ሰሙን ከጥቂት ስብ ጋር ሙቅ ውሃ ላይ አቅልጪ፣ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር የሽታውን ስብ ጨምሪበት። የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ደረቅ ሽቶ ይወጣልሻል። ጽጌረዳስ የምትሉ፣ ከሱቅ የተገዛ ጽጌረዳ አትጠቀሙ፣ ዝዋይ አካባቢ ለኤክስፖርት የሚመረተው ቶሎ እንዳይጠወልግ ተብሎ የተዳቀለ ነው፣ ሽታው እምብዛም ነው፣ የተረጨበት መድኃኒት ደግሞ ስቡ ውስጥ ይቀራል።

*«አያቴ ጅማ በኩል ጥርኝ ይይዙ ነበር፣ ዝባድ በቀንድ ሞልተው ሲሸጡ አስታውሳለሁ። አንድ ዘመድ ትንሽ ላከልኝ፣ ልጠቀምበት?» — ከጂዳ*

ዝባድ፣ ማለትም ጥርኝ ከሚባለው እንስሳ ተፍቆ የሚወጣውን ቅባት፣ ለዓለም በማቅረብ አገራችን ለብዙ ዘመን ቀዳሚ ነበረች፣ የአያትህን ሙያ አላንኳስስም። ጥሬው ይገማል፣ በጣም ሲቀጥን ግን አበባን የሚያሞቅና የሚያቆይ ነገር ይሆናል፣ ፈረንሳዮቹ የፈለጉት ለዛ ነው። ውስጡ ያለው ሲቬቶን የተባለ ነገር ከምን እንደተዋቀረ የደረሰበት ኬሚስት ሩዚችካ ነው፣ እሱ ከደረሰበት በኋላ በላብራቶሪ መሥራት ተቻለ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ኖቤል ተሸልሟል። ሻኔልም እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈጥሮውን ዝባድ መጠቀም አቁሟል።

እኔ አልጠቀምም፣ ሌላም ሰው እንዲጀምር አልፈልግም። ጥርኙ የሚኖረው መዞሪያ በሌለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ዝባዱ ተፍቆ ሲወጣበት ይጨነቃል፣ ይቆስላል። ሽቶ ሰውን ደስ ለማሰኘት ተብሎ የሚሠራ ነገር ነው፣ እንዲህ ሆኖ የመጣ ሽታ አንገቴ ላይ እንዲሆን አልሻም። የደረሰህን ትንሽ ነገር ለማስታወሻ አስቀምጠው። ያንን ሞቅ ያለ የቆዳ ሽታ ከዕፅዋት ከፈለግክ የባሚያ ዘመድ የሆነ አምብሬት የሚባል ፍሬ አለ፣ ላብዳነም የሚባል ሙጫም አለ፣ ሁለቱም ሽታቸውን ለአልኮል ይሰጣሉ። ከከርቤና ከትንሽ የተቆላ ቡና ጋር ሞክራቸው፣ ቡናውን ፈጭተህ አልኮል ውስጥ ሁለት ሶስት ቀን ብቻ፣ ከቆየ ይመራል።

*«ወይባ ጭስ ከገባሁ በኋላ ሰውነቴ ላይ የሚቀረውን ሽታ በቅባት ማድረግ ይቻላል?» — ከኔታንያ*

ይቻላል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆዳሽ ላይ የቀረው ቅባት ስለነበረው ነው፣ ጭስ ስብ ላይ ይያዛል። ሱዳኖች ይሄን በጣም ያውቁበታል፣ ዲልካ የሚሉት የሰውነት ማሻሻ አላቸው፣ ሊጡን ሳህን ላይ ለጥፈው ጠሊሕ በሚባል የግራር ዓይነት እንጨት ጭስ ያጥኑታል። አንቺ ሺ በተሩን ወይም ንጥር ቅቤውን ሰፊ ሳህን ላይ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ትንሽ የወይባ እንጨት ፍም ላይ አድርጊ፣ ሳህኑን ከላይ ገልብጠሽ ጭሱ እንዲመታው አድርጊ፣ ከፍ አድርጊው ግን፣ ስቡ ከቀለጠ ፍሙ ላይ ይንጠባጠብና ይነዳል። ጥቂት ደቂቃ አጥኚ፣ አማስዪ፣ እንደገና አጥኚ። ደጅ ላይ ወይም መስኮት ከፍተሽ ሥሪ፣ ጭሱን አትተንፍሺው፣ የእንጨት ጭስ ለሳምባ ጥሩ አይደለም፣ በየቀኑ የምትቀቢው ነገርም አይሁን። አልኮል ያለበትን ሽቶ ደግሞ በምንም ዓይነት ፍም አጠገብ አታምጪ። ስቡ ውስጥ ውሃ ካልገባ በደረቅ ማንኪያ እየወሰድሽ ለወራት ይቆይልሻል፣ ሺ በተር ከቅቤው ይበልጥ ይቆያል፣ ቅቤ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ አድርጊው።